በር እያንኳኳች ሕፃናትን ከሞት ያተረፈችው ሐኪም፦ ሳራ ጆሴፊን ቤከር

ዛሬ ወደ ኒውዮርክ እንወስዳችኋለን። የምናወራላችሁ ስለ አንዲት የከተማ ጤና መምሪያ ሠራተኛ ነው። ይህች ሴት አዲስ መድኃኒት አላገኘችም፣ በቀዶ ሕክምናም ስሟ አይነሳም። ሥራዋ ሲጠቃለል ነርሶችን አሰማርታ የሰው በር ማስንኳኳት ነበር። በዚሁ ሥራ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ከሞት ተርፈዋል። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሳራ ጆሴፊን ቤከር በ1873 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር ባለችው ፖኪፕሲ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ ነበር፤ ቤተሰቡም ደህና ኑሮ ነበረው። ጆሴፊንም እናቷ በተማረችበት ቫሳር ኮሌጅ ልትገባ ነበር የታሰበው። 16 ዓመት ሲሆናት ግን ቤቱ ተናጋ። አባቷንም ወንድሟንም ታይፎይድ ወሰደባት። ታይፎይድ በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ያኔ ደሞ ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረውም።

ገቢ ተቋረጠ፣ ኮሌጁም ቀረ። ልጅቷ እናቷንና እህቷን ማስተዳደር አለብኝ ብላ ሐኪም ለመሆን ቆረጠች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ እንደ እብደት ነበር የሚታየው። ዘመድም ወዳጅም ሊያስጥላት ሞከረ። እሷ ግን ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ገባች።

እዚያ አንድ የሚገርም ነገር ገጠማት። ጎበዝ ተማሪ ሆና ሳለ በአንድ ትምህርት ብቻ ወደቀች። ትምህርቱ ስለ ጤነኛ ሕፃን አስተዳደግ የሚያስተምር ነበር። የታመመ ሰው ለማከም የመጣች ተማሪ ስለ ጤነኛ ልጅ መማሩ አልታያትም። ስትወድቅ ግን ድጋሚ መውሰድ ግዴታ ሆነባትና በእልህ አነበበችው። የዕድሜ ልክ ሥራዋ የሆነው ያው የወደቀችበት ትምህርት ነው።

በ1898 ተመርቃ፣ ቦስተን ውስጥ ተለማምዳ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰችና የግል ክሊኒክ ከፈተች። ታማሚ ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘችው ጠቅላላ ገቢ 185 ዶላር ብቻ ነበር። ስለዚህ በ1901 የመንግሥት ፈተና ወስዳ በከተማው ጤና መምሪያ በትርፍ ሰዓት የጤና ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ደመወዟ በወር 30 ዶላር። የገባችው ዓለምን ልትለውጥ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ስለነበረባት ነው።

በቀጣዩ ዓመት በሙቀቱ ወራት የታመሙ ሕፃናትን እንድትፈልግ ሄልስ ኪችን ወደሚባል ሰፈር ተላከች። ስሙ ሲተረጎም የሲኦል ማዕድ ቤት ማለት ነው። ሰዎች በጠባብ ክፍል ተደራርበው የሚኖሩበት፣ መስኮት የሌለው ቤት የሞላበት፣ የድሃና የስደተኛ መንደር ነበር። ቤከር ፎቅ እየወጣች ፎቅ እየወረደች በየበሩ ስትገባ የምታየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ በተቅማጥ ደክሞ ሊሞት የደረሰ ሕፃን። እናቶቹም ሙቀት ሲመጣ ልጅ መሞቱ እንደ ወቅቱ መፈራረቅ የማይቀር ነገር ነው ብለው ተቀብለውታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን ዛሬ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) የለም። አንቲባዮቲክም የለም። ተቅማጥ አንዴ ሕፃኑን ከጣለው ሐኪም መጣ አልመጣ ብዙም ለውጥ የለውም። ቤከር የደረሰችበት ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ነው፦ የታመመው ሕፃን ጋ መድረስ መዘግየት ነው፤ መሄድ ያለብን ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው። ዛሬ ሲሰማ ቀላል ነው። ያኔ ግን ጤና መምሪያ ማለት ወረርሽኝ ሲነሳ ቤት የሚያሽግና በሽተኛ የሚያገል መሥሪያ ቤት ነበር። ያልታመመ ሰው ቤት ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

ይህን ሐሳብ በሥራ ከማሳየቷ በፊት በ1907 ሌላ ታሪክ ውስጥ ገባች። ብዙዎቻችሁ ታይፎይድ ሜሪ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። ሜሪ ማለን ከአየርላንድ የመጣች የቤት ምግብ አብሳይ ናት። እሷ ራሷ ሳትታመም በምትሠራባቸው ቤቶች ሰው በታይፎይድ ይወድቅ ነበር። ናሙና እንድትሰጥ ተጠየቀች፣ እምቢ አለች። ጤና መምሪያው ቤከርን ላከ። ሜሪ እሷንም መለሰቻት። በማግስቱ ቤከር ፖሊሶች አስከትላ ስትመጣ ሜሪ ትልቅ የወጥ ቤት ሹካ ይዛ ወጣችባትና ሮጣ ተደበቀች። ለሰዓታት ተፈልጋ በመጨረሻ የቀሚሷ ጨርቅ በር ላይ ተይዞ ተገኘች። ቤከር ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ አምቡላንሱ ውስጥ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ነው የወሰደቻት።

ሜሪ ደሴት ላይ ተገልላ ቆየች። በ1910 ምግብ እንዳታበስል ቃል አስገብተው ለቀቋት። በ1915 ግን ስሟን ቀይራ የሴቶች ሆስፒታል ውስጥ ስታበስል ተገኘች፤ በዚያ ሆስፒታል 25 ሰው ታሞ ነበር፣ 2ቱ ሞተዋል። እንደገና ተይዛ በ1938 እስክትሞት ድረስ እዚያው ደሴት ላይ ኖረች። ያልታመመች ሴት፣ ወንጀል ሠራሽ ሳትባል፣ በጠቅላላው ወደ 26 ዓመት ገደማ። ትክክል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። በፖሊስ የተያዘችው ሜሪ ጤና መምሪያውን አንድም ቀን አላመነችውም። በጉልበት ሰው ይያዛል እንጂ እምነቱ አይገኝም።

ቀጣዩ ዓመት የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ1908 የሙቀት ወራት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ 30 የሚሆኑ የትምህርት ቤት ነርሶች ለቤከር ተሰጧት። ከከተማው እጅግ የተጨናነቀና የሕፃናት ሞት የበዛበትን አንድ ሰፈር መረጠች። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የልደት መዝጋቢው በየቀኑ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ስምና አድራሻ ይልካል። በማግስቱ አንዲት ነርስ ያንን በር ታንኳኳለች።

ታዲያ ነርሷ መድኃኒት አልያዘችም። የምትናገረው ተራ ነገር ነው። ጡት አጥቢ። መስኮት ክፈቺ። በየቀኑ እጠቢው። በዚህ ሙቀት በልብስ ላይ ልብስ አትደራርቢበት። ወደ መናፈሻ አውጪው። እኛ ጋ ብርድ ይመታዋል፣ ምች ያገኘዋል ተብሎ ሕፃን በጋቢና በፎጣ እንደሚጠቀለለው፣ እዚያም እናቶች በመከራ ሙቀት ልጆቻቸውን ጠፍረው ይይዙ ነበር። ነርሷ አትቆጣም፣ አታስፈራራም፤ አሳይታ ትሄዳለች፣ ተመልሳም ትመጣለች።

ወራቱ ሲያልፍ ተቆጠረ። በዚያ አንድ ሰፈር የሞቱት ሕፃናት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ1,200 ቀነሱ። በሌላው የከተማው ክፍል ሞቱ እንደወትሮው ነበር። በዚያው ዓመት የሕፃናት ጤና ቢሮ ተቋቋመና ቤከር ኃላፊ ሆነች። በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚሠራ እንዲህ ያለ ቢሮ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ሥር እንዲሠሩ የተመደቡት 6 ወንድ ሐኪሞች ግን ሴት አታዘንም ብለው ሥራ ለቀቁ። እሷ አልጮኸችም። አንድ ወር ብቻ ሞክሩት፣ ካልሆነ ትሄዳላችሁ አለቻቸው። ወሩ አለቀ፣ ማንም አልሄደም። ቤከር ሱፍ ኮትና ክራቫት ትለብስ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሴት መሆኗን ረስተው ሥራዋን ብቻ እንዲያዩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገቻቸው ነገሮች ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ጥቂቶቹን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወተት። ጡት ለማያገኙ ሕፃናት ንጹሕ ወተት የሚሸጥባቸውና ሕፃኑ የሚመዘንባቸው ጣቢያዎች በየድሃ ሰፈሩ ተከፈቱ። ሐሳቡን ከእሷ በፊት ነጋዴው ናታን ስትራውስ ከ1893 ጀምሮ በራሱ ገንዘብ ሠርቶበታል፤ እሷ የከተማው ቋሚ ሥራ አደረገችው።

ሁለተኛ፣ ዓይን። በወሊድ ጊዜ ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ ብዙ ሕፃናት ይታወሩ ነበር። የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ያድናቸዋል። ችግሩ ጠርሙሱ ላይ ነበር፦ ሲከፈት ሲዘጋ ይበከላል፣ ወይ ውኃው ተንኖ መድኃኒቱ ይበረታና ራሱ ዓይን ያጠፋል። ቤከር ለአንድ ዓይን ብቻ የሚበቃ ጠብታ በንብ ሰም እንክብል ውስጥ እንዲታሸግ አደረገች። አዋላጅ በኪሷ ይዛው መሄድ ቻለች። ዛሬ እኛ አገር ጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ላይ ቅባት የሚደረግለት ለዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ አዋላጆች። ብዙ ሐኪሞች የልምድ አዋላጆች ጨርሶ ይከልከሉ ይሉ ነበር። ቤከር ስደተኛ እናቶች የሚያምኑት እነሱን መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ማሠልጠን፣ ፈቃድ መስጠትና መቆጣጠር ይሻላል ብላ ያንን አደረገች።

አራተኛው ለእኛ ከሁሉም የሚጥመን ነው፦ ትንንሽ እናቶች። ወላጅ ሥራ ሲውል ሕፃኑን አዝላ የምትውለው የ12 ዓመት እህቱ ናት። ቤከር እነዚህን ልጆች በየትምህርት ቤቱ በማኅበር አደራጅታ የሕፃን አያያዝ አስተማረቻቸው። ልጆቹ እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ እናቶቹ አይችሉም። ነርሷ ልትናገረው ያልቻለችውን ልጅቷ በእናቷ ቋንቋ እቤት ይዛው ገባች።

ሥራው ሲሠምር ቅሬታም መጣ። በብሩክሊን የሚሠሩ ከ30 በላይ ሐኪሞች ፈርመው ለከንቲባው አቤት አሉ። ሕፃናት እየታመሙ ስላልሆነ ገበያችን ቀዘቀዘ፣ ቢሮው ይዘጋልን ነበር አቤቱታቸው። ቤከር ደብዳቤውን ስታይ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አላገኘሁም ብላ እንደተደሰተች ትናገራለች።

በ1916 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ሕፃናት ጤና እንድታስተምር ጠየቃት። እሷም በኅብረተሰብ ጤና ለዶክትሬት መዝግቡኝና አስተምራለሁ አለች። ሴት አንቀበልም አሏት። እንግዲያውስ አላስተምርም አለች። ሌላ አስተማሪ ፈልገው ሲያጡ ተሸነፉ፣ ለሌሎች ሴቶችም በሩ ተከፈተ። በ1917 ተመረቀች፤ በዚህ ሙያ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ይነገራል።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ለጋዜጠኛ የነገረችው ንጽጽር አገር ምድሩን አነጋገረ። ከወታደሮቹ የሚሞቱት 4 በመቶ ሲሆኑ ከሚወለዱት ሕፃናት 12 በመቶ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ቤቱ ከተወለደ ሕፃን ይልቅ ጦር ግንባር ያለ ወታደር ይሻለዋል ማለቷ ነበር። ለዓመታት በቁጥር ስታስረዳ ያልሰማ ሁሉ ያኔ ሰማ።

እዚህ ላይ ሚዛን እንዳይጎድል አንድ ነገር እንጨምር። ቤከር ፍጹም ሰው አልነበረችም። በ1939 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለ አየርላንድ ስደተኞች የጻፈችው ንቀት ያለበት ነው። ሞቱን የቀነሰችውም ብቻዋን አይደለም፤ የወተትና የውኃ ጥራት መሻሻልም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቢሆንም በ1923 ሥራዋን ስትለቅ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዝቅተኛው የሕፃናት ሞት የኒውዮርክ ነበር። በ1945 በ71 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ያነሳነው በምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲሳካ የሚታይ ነገር የለውም። ሆስፒታል ሲሠራ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ያልታመመ ሕፃን ግን ፎቶ አይነሳም። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው፣ ሠራተኛውም መጀመሪያ የሚናቀው እዚህ ነው። በ2003 በተጀመረው የእኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። ስንቶቻችን ነን ሰፈራችን ያለችውን በስሟ የምናውቃት? መዝገቧን ይዛ ስትመጣ ደሞ መጣች ብለን በር ላይ የምንሸኛትስ?

የምትነግረን ነገር ተራ ሊመስለን ይችላል፦ እጅ ታጠቡ፣ ሽንት ቤት ክደኑ፣ ልጁን አስከትቡ። የ1908ቱ ነርስም የተናገረችው እንዲሁ ተራ ነገር ነበር። በአንድ ሰፈር፣ በጥቂት ወራት፣ 1,200 ሕፃናት።

ቤተሰቦች፣ በእናንተ ሰፈር ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ባለሙያ ሥራ የምታውቁ ካላችሁ ምን እንደቀየረች ጻፉልን። ቸር እንሰንብት!