ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽታውን ከምንጩ ለመግታት የጣሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያ በሽታን ለመግታት በሀገር በቀሉ እንዶድ ላይ ባካሄዱት ምርምር ይታወሳሉ።

እ.ኤ.አ በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ፣ በ1964 በአድዋ በመስክ ሥራ ላይ ሳሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ተህዋስ የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ ግኝቱ የገጠሩ ሕዝብ በራሱ ሊያመርተው የሚችል መከላከያ ጠቆመ።

ቢልሃርዚያ ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ጉበትን ያጠባስላል፤ ጣፊያንም ያሳብጣል። በአሁኑ ወቅት ጣፊያን በጠባብ ቀዳዳ፣ በካሜራ በመታገዝ ማውጣት ቢቻልም ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን ጉበት አይመልስም፤ ወደ ወንዙ የሚመለሰውንም ሕመምተኛ እንደገና ከመያዝ አያድነውም።

ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተዋል። ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድን ለመቀበል ዳተኝነት ቢያሳዩም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ምርምሩን በመቀጠላቸው፣ እ.ኤ.አ በ1989 ሁለቱም አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል።

እ.ኤ.አ በ2020 የታተመ ጥናት በምዕራብ ጎጃም ጅጋ ከተማ በሽታው በተማሪዎች ላይ መገኘቱን አመልክቷል። ይህም እርሳቸው የጀመሩት የመከላከል ሥራ የጤና፣ የውሃና የትምህርት መሥሪያ ቤቶችን የጋራ ጥረት እንደሚጠይቅ ያስገነዝባል።