መምህርም ደቀ መዝሙርም፦ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰማራ ሁሉ፥ ካህንም ይሁን ካቴኪስት፥ አንድ ፈተና አይለየውም። ይኸውም ሌላውን ማስተማር ከጀመረ በኋላ ራሱ መማርን መተው ነው። ክርስቲያናዊ መሪነት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ ፈተና ያመለጠ ሰው ሕይወት ከብዙ ትንታኔ ይበልጥ ይጠቅመናል። ስለዚህ በዚህ እትም የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት እናስታውሳለን።

አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ልባቸው ግን ወደ ትምህርት አዘነበለ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኰሱ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ተሻግረው መጻሕፍትን መረመሩ፥ ለብዙዎችም መምህር ሆኑ።

ዘመኑ የመሳፍንት ዘመን ነበር። በጎንደር የሚቀመጠው ንጉሥ የስም ንጉሥ ሲሆን፥ እውነተኛው ሥልጣን በደብረ ታቦር በሚቀመጡት በራስ ዓሊ እጅ ነበር። መንግሥቱ እንደተከፋፈለ ሁሉ ሊቃውንቱም ስለ ክርስቶስ ምሥጢር ተዋሕዶ፥ ቅባትና ጸጋ እየተባባሉ ተለያይተው ነበር። ብዙዎች የያዙትን ወገን ብቻ ሲጠብቁ፥ አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተንከራተቱ።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ ጋር የተጓዙት በ1839 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገቡት የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ፥ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፥ ነበሩ። መልእክተኞቹ ሮማ ደርሰው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን ጐበኙ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ረጅም መንገድ የአቡነ ያዕቆብን ትሕትና በቅርብ አዩ። ሆኖም ውሳኔያቸው የችኮላ አልነበረም፤ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት በ1844 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። አባ ገብረ ሚካኤል ከአቡነ ያዕቆብ በዘጠኝ ዓመት ገደማ ይበልጣሉ፤ በግዕዝና በአገሩ ትምህርትም ያለ ጥርጥር መምህራቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ከሚያንሷቸው ሰው እግር ሥር ለመቀመጥ አላፈሩም። አቡነ ያዕቆብም በበኩላቸው የአገሩን ቋንቋና ሥርዓት ከእርሳቸው ለመማር አላፈሩም። በአዲግራት አጠገብ በጓላ የተመሠረተው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት በዚህ መማማር ላይ ታነጸ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ ወጣቶችን አስተማሩ፤ ለሕዝቡ የሚስማማ ትምህርተ ክርስቶስ በማዘጋጀትና የሥነ ምግባር ትምህርት መጽሐፍ በመተርጐምም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ደከሙ። ማዕረገ ክህነትን የተቀበሉት በ1851 ዓ.ም.፥ ወደ ስልሳ ዓመት ሲጠጉ ነበር።

በ1854 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ሥልጣናቸውን ሲያጠናክሩ ካቶሊካውያን በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከእስር በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ቀሩ፤ እምነታቸውን እንዲክዱ ተገረፉ፥ አልካዱም። በ1855 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ በስፍራው የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎችም ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ያ ሽማግሌ መነኵሴ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከዘማቹ ጦር ጋር ተጐተቱ። ጽናታቸውን ያዩ ወታደሮች ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሏቸው እንደ ነበር ይተረካል። በዚያው ዓመት፥ እግረ ሙቁን ሳይፈቱ፥ በመንገድ ዐረፉ። ዐፅማቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ብፅዕናቸውን አወጁ፤ አቡነ ያዕቆብም በ1975 ዓ.ም. በጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸው ታወጀ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፥ መሪ ማለት ሁሉን የሚያውቅ ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚማር ነው። ሁለተኛ፥ ሥልጣን ሁሉ በተወሰደበት ጊዜ እንኳ እረኝነት አይወሰድም፤ አባ ገብረ ሚካኤል መንበርና ደቀ መዛሙርት ባጡበት ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት አስተምረዋል። ሦስተኛ፥ የግዕዙን ዕውቀት፥ ጾሙንና ምንኵስናውን ያገኙት ከኦርቶዶክሳውያን አባቶች ቤት ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ቁስል እየቆሰቆሱ ወንድምን መንቀፍ የእርሳቸውን መታሰቢያ ማክበር አይደለም።

ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ይገኛሉ። በዚህ ሰፊ አገር ጥቂት ምእመናንን ይዞ የሚያስተምር ካቴኪስት ቊጥሩን አይቶ ልቡ እንዳይዝል ይገባል። አባ ገብረ ሚካኤል መቃብር እንኳ ሳይኖራቸው ፍሬያቸው አልጠፋምና። ከጐረቤቱ በትሕትና ይማር፤ የተማረውን በፍቅር ያስተምር፤ ቀሪውን ዘሩን ለሚያበቅለው አምላክ ይተው። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።