ሄንሪክ ኸርዝ፦ የራዲዮን ሞገድ በሽቦ ቀለበት ያጠመደ ሊቅ

ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1857 በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ተወለደ። በካርልስሩኸ የፊዚክስ መምህር ሳለ፣ ማክስዌል በስሌት ብቻ የተነበየው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ በእርግጥ መኖሩን በ1888 በሙከራ አረጋገጠ። ከመቀበያዎቹ አንዱ ጫፎቹ ሊነካኩ ጥቂት የቀራቸው የሽቦ ቀለበት ነበር፤ ሞገዱ ሲደርሰው በክፍተቱ መካከል ደቃቅ ብልጭታ ይታያል። ብልጭታው እጅግ ደካማ በመሆኑ በጨለማ ክፍል ይከታተለው ነበር።

ኸርዝ በ1894 መጀመሪያ ቀን በቦን ከተማ፣ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ዘሩን ዘራ እንጂ አዝመራውን አላየም፤ ማርኮኒ ሞገዱን ለመልእክት ማስተላለፊያ ያዋለው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው።

ዛሬ የራዲዮ ጣቢያዎች ሜጋ ኸርዝ ባሉ ቁጥር ስሙን ይጠራሉ። ረጅም ሽቦ የሚዘረጉበት ቦታ ያጡ የአፓርታማ ነዋሪ የራዲዮ አማተሮች በረንዳቸው ላይ የሚያቆሙት ክብ አንቴናም የዚያ ቀለበት ዘመድ ነው።