ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የማከም ፈቃድ

በዚህች አጭር ጽሑፍ የአንድ ትልቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ላካፍላችሁ ነው። ሰውየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የሳይኮሎጂ ተማሪ ስለ ድሮ ሐኪም መጻፉ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋምና በቅድሚያ ምክንያቴን ልናገር።

የተወለድኩት ያዮ ነው። ከበደሌ ወደ መቱ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከላይ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና። የቡና ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። አክስቴ የምትኖረው እዚያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ አጣች፤ ማንም ሳይናገር ድምፅ መስማት ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ተወስዳ ክኒን ታዘዘላት፤ እየዋጠችም ተሻላት። እንደገና ቡና መልቀም፣ ዕቁቧን መጣል ጀምራ ነበር።

በኋላ ግን በሂፕኖሲስ የሚፈውስ ሰው መጥቷል የሚል ወሬ ተሰማ። ሰውየው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በመስታወት የተለበጠ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚሠራው። የዚያ ዓመት የቡና ገንዘብ ተቆጥሮ ተከፈለው። ሦስት ጊዜ ዓይኗን አስጨፍኖ ካነጋገራት በኋላ ክኒኑን እንድትተው ነገራት። ተወችው። ወር እንኳ ሳይሞላ ሕመሙ ብሶበት ተመለሰ። አባቴ ሰውየውን ፍለጋ ሲሄድ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። አከራዩም የት እንደሄደ አያውቅም።

አባቴ ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የሰውየው ወረቀት የእውነት መሆን አለመሆኑን በምን እናውቅ ነበር አለኝ። ስለ አእምሮ የምማረው እኔ መልስ አልነበረኝም። ስለ ሙያ ፈቃድ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐኪም ወርቅነህንም ያገኘኋቸው እዚያው ንባብ ውስጥ ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን ወገኖቹ የጎንደር ሰዎች ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ሕፃኑን ከቤተሰቡ ተለይቶ አገኘው። ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ በኋላም ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ለትምህርቱ ከፈለለት። ከአንዱ የመጀመሪያ ስሙን፣ ከሌላው የአባት ስሙን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እንዲህ ሆኖ ስሙም ቋንቋውም ጠፋ። ተለይቶ የሚታወቅበት ነገር ቢኖር በገላው ላይ የነበረው የሕፃንነት ጠባሳ ብቻ ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1882ም ተመረቀ። እንግዲህ ሐኪም ሆነዋልና ከዚህ ወዲያ አንቱ ልበላቸው። ጥቂት ዓመታት እንዳገለገሉ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ ተጨማሪ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያዙ። ከዚያም የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው በርማ ውስጥ ሠሩ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን የእንግሊዝን ሕግ እንመልከት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጡት የሕክምና ሕግ የሐኪሞች መዝገብ አቋቋሙ። ብዙዎቻችን ያልተመዘገበ ሰው ያን ጊዜ ማከም የተከለከለ ይመስለናል። አልነበረም። የተከለከለው ሳይመዘገቡ ተመዝግቤአለሁ ማለት ነው። ሕዝቡ ወደፈለገው መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን የተማረውን ካልተማረው የሚለይበት መዝገብ ተሰጠው። አባቴ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ሂፕኖሲስም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። ሥሩ ፍራንዝ አንቶን መስመር ከተባለው፣ በቪየና ከተማረው ሐኪም ይመዘዛል። መስመር ፓሪስ ገብቶ ስሙ ሲገን፣ የፈረንሳይ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1784 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቩዋዚዬ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ኮሚሽኑ መስመር የሚለው የማይታይ ፈሳሽ እንደሌለ፣ በሕመምተኞቹ ላይ የሚታየው ለውጥም ከምናባቸው የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ሐኪም ወርቅነህ ባደጉበት በህንድም ቢሆን፣ እሳቸው ከመወለዳቸው ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጄምስ ኤስዴይል የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በዚሁ ዘዴ ሕመምተኞችን እያደነዘዘ ቀዶ ሕክምና ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 ካልካታ ላይ ለዚሁ ሆስፒታል ተሰጥቶት ነበር። ልብ በሉ፣ ኤስዴይል አስቀድሞ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በሽተኛው ቢጎዳ ስሙም ቦታውም ይታወቃል። ያዮ አጠገብ ክፍል የተከራየው ሰው ግን ከመስታወቱ በስተጀርባ ምንም አልነበረውም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ ሐኪም ወርቅነህ በርማ ነበሩ። አገራቸውን ለማየት ልባቸው ተነሣ። በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደረሱ። ድንኳን ተክለው የመጣውን ሁሉ ያክሙ ጀመር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከአድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ነበረ። የሐኪሞችን ፈቃድ የሚመረምርና የሚመዘግብ ሕግ ግን አልነበረም። ወረቀታቸውን አሳዩኝ የሚል ባለሥልጣን የለም፤ ሕዝቡ የሚያየው የዳነውንና ያልዳነውን ነው።

በዚህ ጊዜ ነው መቅደላ ላይ የጠፋው ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚል ወሬ ከዘመዶቻቸው ጆሮ የደረሰው። አያታቸው መጡ። የህንድና የእንግሊዝ ዲፕሎማ ለእሳቸው ምናቸው ነው? የልጅ ልጃቸውን ገላ አይተው፣ በሚያውቁት ጠባሳ ለዩት። ሐኪም ወርቅነህም ስማቸውን መልሰው አገኙ። አማርኛን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው፤ ተማሩትም።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሐኪም ወርቅነህ ሁለት ዓይነት ማስረጃ እንደነበራቸው ታየኝ። አንዱ ትምህርት ቤት የሰጣቸው ነው፤ ሁለተኛው ወገን የሰጣቸው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐኪሙ ወደ በርማ ተመልሰው ከሄዱ በኋላ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እንደገና መጡ። አፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ። የምኒልክ ሕመም የኛንም አገር ነክቷል። ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ እንዲሆኑ አዲስ አበባ የተጠሩት ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ምክንያት መግዛት ስላቃታቸው ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት የውጭ ሐኪሞችም ጠበልም ጎን ለጎን ይሞከሩ ነበር። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም እንዲያውም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል የሚል ነገር አንሥቶ ቤተ መንግሥቱን አናወጠው። ሰውየው ሙሉ ዲፕሎማ ያለው ሐኪም ነበር። መቼም ወረቀት ብቻውን ጥንቃቄ አይሆንም።

ሐኪም ወርቅነህ በርማ ውስጥ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ከሕክምናው ሌላ ብዙ ሥራ ተሸከሙ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ ጻፉ፤ የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን የሚከራከሩበት የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ቀጥሎም ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩ ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን አዲስ አበባ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። ቀድሞ ቤተሰብ ያጣው ሕፃን በሽምግልናው ልጆቹን አጣ።

ከነፃነት በኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ ኖሩ፤ በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር የሆነው በእነዚያ በመጨረሻ ዓመታቸው የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 27 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 100 ተከተለው። ወጣቱ ወርቅነህ ድንኳን በተከለበት አገር አሁን ሐኪም የሚባል ሰው መመዝገብ ግዴታው ሆነ። ይሁን እንጂ የ1948ቱ አዋጅ አንድ በር ክፍት ተወ። በባህል ዘዴ የሚያክም፣ የሚኖርበት ማኅበረሰብም በሙያው የሠለጠነ መሆኑን ያወቀለት ሰው ከክልከላው ውጪ ሆነ። ይህም በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሕክምናው ለሕይወት አደገኛ መሆን የለበትም።

እኔ በመጀመሪያ ይህን ሳነብ ሕጉ የላላ መስሎኝ ነበር። ሐኪም እጅግ ጥቂት በነበረበት አገር ወጌሻውንና አዋላጇን ከከለከሉ ሰው ማን ዘንድ ይሂድ፤ ሌላ ምርጫ ስላጡ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህም እውነትነት አለው። ደግሜ ሳየው ግን ነፃ የተደረገው ማንም ሰው አለመሆኑን አስተዋልኩ። ማኅበረሰቡ የሚያውቀው ሰው ነው የተባለው። የአያትየውን ማስረጃ ነው ሕጉ የተቀበለው! መንደሩ ማን እንዳስተማረው፣ ማን በእጁ እንደዳነ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ቤቱም የት እንደሆነ ያውቃል።

ያዮ ውስጥ አጥንት የሚያሹ፣ ሥር ቅጠል የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። አክስቴ መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ወደ እሳቸው ወስደናት ነበር። አይተዋት ይህ የእሳቸው ሙያ አለመሆኑን፣ ሐኪም ዘንድ እንድንወስዳት ነገሩን። ሳንቲም አልተቀበሉም። ከዚያ ባለ ሰርተፍኬት ጋር ሳስተያያቸው፣ ሁለቱም የመንግሥት ፈቃድ በእጃቸው የለም። ሽማግሌው ግን የሚያውቃቸው ሰፈር አላቸው፤ ዛሬ ቢያጠፉ ነገ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት። ሰውየው ትምህርት ቤትም አላወቀው፣ መንደርም አላወቀው። ለአባቴ ዛሬ የምመልስለት ይህን ነው፤ የተሰቀለውን ወረቀት ሳይሆን ማን እንደመዘገበውና ቢያጠፋ የት እንደሚገኝ እንጠይቅ።

ታዲያ የእኛስ ነገር? አዋጅ ቁጥር 100 ሲወጣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንኳ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ሳይኮሎጂስት የሚባል ባለሙያ በሕግ አውጪው ሐሳብ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የጤና ባለሙያ ሁሉ ሳይመዘገብና ሳይፈቀድለት እንዳይሠራ ደንግጎ ነበር። እኛ ግን አንዳንዶቻችን ትምህርት ቤት፣ አንዳንዶቻችን ቢሮ፣ አንዳንዶቻችን ክሊኒክ የምንገባ ነን። ማማከር የት ላይ አልቆ ማከም የት ላይ እንደሚጀምር እያንዳንዳችን ማወቅ ይኖርብናል።

አንድ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ አግባብ አይሆንም። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ለዕረፍት ያዮ ስገባ ጎረቤቶች ዶክተር ይሉኝ ጀመር። አላረምኳቸውም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸው ከሰው መነጋገር እንደተወ ነግረውኝ፣ ከአንድ ኮርስ የሰማሁትን ተማምኜ ዓይነ አፋርነት ነው፣ ይለቀዋል አልኳቸው። ልጁ ሐኪም ዘንድ የደረሰው ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አልፈው ነው። ለእኔ ሰርተፍኬት እንኳ በመስታወት አልተለበጠልኝም ነበር፤ ጎረቤቶቼ የሰጡኝን ስም ግን እንደ ፈቃድ ተጠቀምኩበት። የሽማግሌውን ያህል እንኳ ይህ የእኔ ሙያ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

አክስቴ አሁን ክኒኗን እየወሰደች ነው፤ ዘንድሮ ቡና ለቅማለች። እኔም ዶክተር ሲሉኝ ተማሪ ነኝ እላለሁ። ሐኪም ወርቅነህ ያን ሁሉ ወረቀት ይዘው መጥተው እንኳ በአያታቸው ፊት ክንዳቸውን ገልጠው ቆመዋል። እኛ ተመርቀን ስንወጣም በሁለቱም በኩል ለመፈተሽ የተዘጋጀን እንድንሆን እመኛለሁ።