ዳንኤል ማክኖተን፦ በስሙ ሕግ የተጠራለት ተከሳሽ

ዳንኤል ማክኖተን እ.ኤ.አ. በ1813 ስኮትላንድ ውስጥ ተወለደ። የእንጨት ሙያ ከአባቱ ተምሮ ግላስጎው ከተማ ውስጥ የራሱን ሥራ ከፈተ። ታታሪና ቆጣቢ ሰው ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን የቶሪ ፓርቲ ሰዎች ሌት ተቀን እንደሚያሳድዱት ማመን ጀመረ። ለአባቱ ነገረ፤ ለከተማው ፖሊስ ኃላፊና ለፓርላማ አባል አቤት አለ። አእምሮው እንደታወከ የጠረጠሩ ቢኖሩም ያሳከመው ግን አልነበረም።

ጥር 20 ቀን 1843 ለንደን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድን ከጀርባው በሽጉጥ መታው። ድራመንድ ከአምስት ቀን በኋላ ሞተ። ማክኖተን የተኮሰው ጸሐፊውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ መስሎት እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ።

ከፍርዱ በፊት ዶክተር ኤድዋርድ ቶማስ ሞንሮና ሌሎች ሐኪሞች ኒውጌት እስር ቤት ገብተው መረመሩት። ሰውየው በሌላ ነገር ሁሉ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ስለ አሳዳጆቹ ሲጠየቅ ግን ሕመሙ ይገለጣል። በመጋቢት ወር ችሎት ላይ ጠበቃው አሌክሳንደር ኮክበርን ዘጠኝ ሐኪሞችን አስመሰከረ። ዐቃቤ ሕግ አንድም ሐኪም አላቀረበም። ዳኛ ቲንዳል ክርክሩን አስቆሙ፤ ጁሪዎቹም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አሉ።

ሕዝቡ ተቆጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ቅር ተሰኙ። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችን ጠርቶ ጠየቀ። መልሳቸው የማክኖተን ደንብ ተባለ፦ በሕመሙ ምክንያት የሚሠራውን ያላወቀ ወይም ድርጊቱ ክፉ መሆኑን ያልተረዳ ሰው በወንጀል አይጠየቅም። ደንቡ ጠባብ በመሆኑ፣ ማክኖተን ራሱ በእሱ ቢዳኝ ኖሮ ሊፈረድበት ይችል እንደነበር የሕግ ሰዎች ይናገራሉ።

ይህ ደንብ ብዙ አገሮች ደርሷል። እንግሊዞች በ1936 ለፍልስጥኤም ባወጡት የወንጀል ሕግ ገብቶ ለእስራኤልም ተርፏል። በኋላ ሕጉ ቢሻሻልም፣ ዛሬም ፍርድ ቤት የተከሳሽን አእምሮ የሚጠራጠር ከሆነ በአእምሮ ሐኪም እንዲመረመር ያዛል።

ማክኖተን ነፃ ተባለ እንጂ ከእስራት አልወጣም። ቤትለም ሆስፒታል 21 ዓመት ቆይቶ በ1864 ወደ ብሮድሙር ተዛወረ። እዚያው በ1865 ሞተ። አቤቱታውን ገና ከጅምሩ እንደ ሕመም ቆጥሮ ሐኪም ዘንድ የወሰደው ሰው ቢኖር፣ ምናልባት ሁለቱም ሰዎች በሰላም ባረጁ ነበር።