ስማቸው አልጎሪዝም ሆኖ የቀረው ዓሊም፦ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ



ውድ የግቢያችን ሙስሊም ተማሪዎች፣ በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ዓሊም ከሞቱ 1,200 ዓመት ሊጠጋ ነው። ስማቸውን ግን ሳናውቀው በየቀኑ እንጠራዋለን። አልጀብራ የምንለው ቃል የተወሰደው ከመጽሐፋቸው ርዕስ ነው። አልጎሪዝም የምንለው ደግሞ የራሳቸው ስም ነው፤ በላቲን ጸሐፊዎች አፍ ሲንከባለል መልኩን ቀይሮ የደረሰን። እኚህ ሰው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ናቸው።

ታሪካቸውን ዛሬ የመረጥነው በምክንያት ነው። ከወልቂጤና ከቡታጅራ፣ ከየገጠሩም ወደ ግቢ የምንመጣ ብዙዎቻችንን መጀመሪያ የሚያስጨንቀን ሂሳብ ነው። ሪሚዲያል የገባው ይፈራዋል፣ ፍሬሽማን የደረሰውም ይፈራዋል። አሁን ደግሞ የትምህርቱ መልክ እየተለወጠ ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በያዘው ኢ-ሺ በተባለው ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች በኦንላይን እየተዘጋጁ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ሰልጣኙ በራሱ ጊዜና ፍጥነት የሚማረው ነው።

ሂሳብ በኮምፒውተር ስንማር መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቶ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አይሄድብንም። ስክሪኑ ጥያቄ ያቀርባል፣ እንሠራለን፣ ከተሳሳትን ይመልሰናል፣ ስንችለው ያሳልፈናል። ፍጥነቱ የእኛ ነው፤ ስንፍናውም የእኛ ነው። ማንም ሳያየን መልሱን ከጓደኛ ስልክ ገልብጠን ማለፍም በእጃችን ነው። እንዲህ ላለው ትምህርት የአል-ኸዋሪዝሚ ሕይወት ብዙ የሚነግረን ነገር አለው።

አል-ኸዋሪዝሚ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ነው። መጠሪያቸው ከኸዋሪዝም ጋር ያያይዛቸዋል፤ ይህ አገር ከአራል ባሕር በስተደቡብ፣ ዛሬ በአብዛኛው በኡዝቤኪስታን ውስጥ የሚገኝ ነው። ሥራቸው ያበበው ግን በባግዳድ ነው። ባግዳድ እ.ኤ.አ. በ762 በዐባሲዩ ኸሊፋ በአል-መንሱር የተቆረቆረች ከተማ ናት። አል-ኸዋሪዝሚ ለአቅመ ሥራ በደረሱበት ዘመን የወረቀት ሥራ ተስፋፍቶ፣ መጻሕፍት እየበዙ፣ ከየአገሩ ዕውቀት ፈላጊው ወደዚያ ይጎርፍ ነበር።

ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 የነገሡት ኸሊፋ አል-መእሙን ለዕውቀት ልዩ ፍቅር ነበራቸው። በይቱል ሒክማ፣ የጥበብ ቤት፣ በሚባለው ተቋም ዙሪያ ዓሊሞችን ሰበሰቡ። የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ይመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን በባግዳድ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ሌላውም በትርጉምና በምርምር አብረው ሠርተዋል። አል-ኸዋሪዝሚ በሂሳብና በሥነ ፈለክ ከእነዚህ ሊቃውንት መካከል ስማቸው ጎልቶ ወጣ።

በኸሊፋው አበረታችነት እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ የጻፉት መጽሐፍ ነው ዓለምን የለወጠው። ርዕሱ ስለ ጀብርና ሙቃበላ ሂሳብ አጭር መጽሐፍ እንደ ማለት ነው። በመግቢያው አላህን አመስግነው፣ በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰላዋት አውርደው ይጀምራሉ። ከዚያ ስለ ዓሊሞች ሦስት ዓይነት ሥራ ያነሳሉ። አንዱ ከእሱ በፊት ያልታወቀውን ያገኛል። ሌላው የቀደሙት ያስቸገረ አድርገው የተዉትን ያብራራል። ሦስተኛው ስህተት ሲያይ ያርማል፣ ግን በሰው ስህተት አይመጻደቅም። የራሳቸውን ዓላማም በግልጽ አስቀምጠዋል፦ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ የሚያስፈልጋቸውን ሂሳብ ማቅለል። መጽሐፉ ለሊቃውንት መራቀቂያ ሳይሆን ለሚቸገረው ሰው የተጻፈ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ኤክስ የለም፣ ዋይ የለም፣ የመደመር ምልክትም የለም። ቁጥሮቹ እንኳ በቃል ነው የተጻፉት። የማይታወቀውን ነገር ሸይእ፣ ማለትም ነገር፣ ብለው ይጠሩታል። ካሬውን ማል፣ ማለትም ሀብት፣ ይሉታል። የቀረውን ቁጥር በዲርሃም ይቆጥሩታል። አንድ ምሳሌያቸውን በእኛ አነጋገር እንየው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ሲጨመርበት 39 ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? መንገዱ ይህ ነው። የአሥርን ግማሽ ውሰድ፣ 5 ነው። በራሱ አባዛው፣ 25። ወደ 39 ጨምረው፣ 64። ሥሩን ፈልግ፣ 8። ከዚያ ላይ ያንኑ 5 ቀንስ፣ 3 ይቀራል። ሦስት በሦስት 9 ነው፣ የሦስት አሥር እጥፍ 30 ነው፣ ድምሩ 39። ፍሬሽማን ላይ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ብለን የምንማረው ይኸው ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ መንገዱን ነግረው ብቻ አላለፉም። ለምን እንደሚሠራም በሥዕል አሳይተዋል። አንድ ካሬ ይሥላሉ፣ በሁለት ጎኖቹ ስፋታቸው 5 የሆነ ሁለት ሬክታንግል ያያይዛሉ። ጥግ ላይ አንድ ክፍተት ይቀራል። ያ ክፍተት አምስት በአምስት ነው። በ25 ሲሞላ ጎኑ 8 የሆነ ሙሉ ካሬ ይሆናል። ቀመሩን ሸምድዶ የሚጠፋበት ተማሪ ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ በእጁ ቢሥለው ዳግመኛ አይጠፋበትም።

ጀብር የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት ነው። በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን ማለት ነው፤ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲመልስ የሚሠራውን ሥራም ይጠሩበታል። በስፔን ወጌሻው ራሱ ለረጅም ጊዜ ከዚህ ቃል በመጣ ስም ሲጠራ ኖሯል። በሂሳቡ ጀብር ማለት በአንድ ወገን የተቀነሰውን ወደ ሌላው አሻግሮ የጎደለውን መሙላት ነው። ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ፊት ለፊት አቁሞ ማጣፋት ነው። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች በመጽሐፉ የሚያነሱትን ጥያቄ ከስድስት ዓይነት እኩልታዎች ወደ አንዱ ያመጡታል። ስድስቱም እያንዳንዳቸው ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ መፍትሔ አላቸው።

ከመጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የያዘው ግን የውርስና የኑዛዜ ሂሳብ ነው። ዒልሙል ፈራኢድ የምንለው ማለት ነው። መሠረቱ በሱረቱ ኒሳእ የተደነገገው ድርሻ ነው። ቀላሉን እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ፤ ዕዳም ኑዛዜም የለበትም እንበል። ንብረቱ 24 ክፍል ቢሆን የሚስት ስምንተኛ 3 ነው። የቀረው 21 ለልጆቹ ሁለት ለአንድ ሲከፈል ለወንዱ 14፣ ለሴቷ 7 ይደርሳል።

አል-ኸዋሪዝሚ ከዚህ ይከብዳሉ። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። በእጁ 10 ዲርሃም አለ፣ አንደኛው ልጅ ደግሞ ለአባቱ 10 ዲርሃም ዕዳ አለበት። ሟቹ ከንብረቱ ሲሶውን ለባዕድ ሰው ተናዝዟል። ልጁ ዕዳውን በድርሻው የሚያቻችለው ስንት ነው? ያንን መጠን ነገር እንበለው። ንብረቱ 10 እና ነገር ይሆናል። ሲሶው ለተናዘዘለት ይወጣል፣ የቀረው ለሁለቱ ልጆች እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ ሦስቱም እኩል ሲሶ ሲሶ ያገኛሉ ማለት ነው። የባለዕዳው ልጅ ሲሶ ከራሱ ከነገር ጋር እኩል መሆን አለበት። 10 እና ነገር የነገር ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ አንዱን ነገር ከሁለቱም ወገን ስናጣፋ 10 የነገር ሁለት እጥፍ ነው። ነገሩ 5 ሆነ። በእጅ ካለው 10 ዲርሃም ለተናዘዘለት 5፣ ለሌላው ልጅ 5 ይሰጣል፤ ባለዕዳው ደግሞ 5ቱን ከዕዳው ያቻችላል። ማንም አልተበደለም። አልጀብራ እንዲህ ካለ የሐቅ ጥያቄ ጋር አብሮ ያደገ ዕውቀት ነው።

ሌላው ታላቅ ሥራቸው በሕንድ ቁጥሮች ስለ ማስላት የጻፉት ነው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ አሥር ምልክቶች ማንኛውንም ቁጥር መጻፍ እንደሚቻል ያስረዱበት ነው። የዐረብኛው ቅጂ ጠፍቷል፣ የላቲን ቅጂዎቹ ግን ተርፈዋል። አውሮፓውያን በአዲሶቹ ቁጥሮች የሚሠራውን ስሌት በእሳቸው ስም አልጎሪስሙስ ብለው ጠሩት። ዜሮ የሚለው ቃልም ሲፍር ከሚለው የዐረብኛ ቃል በጣልያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። የግእዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት እንደሌለው ስናስብ፣ ዛሬ የአማርኛ መጻሕፍት እንኳ በእነዚህ ቁጥሮች መታተማቸው ምን ያህል እንደጠቀመን ይገባናል።

በሥነ ፈለክም የፀሐይንና የጨረቃን እንቅስቃሴ የሚያሳይ የስሌት ሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል። በጂኦግራፊ ሱረቱል አርድ በተባለው መጽሐፋቸው ከ2,400 የሚበልጡ ቦታዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ መዝግበዋል፣ የግሪካዊውን የበጥሊሞስን ስህተቶችም አርመዋል። ይህ ሁሉ ያለ ካልኩሌተር፣ በዘይት መብራት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ ግብፃዊው አቡ ካሚል አልጀብራን አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1145 ሮበርት ዘቼስተር በስፔን ከተማ በሴጎቪያ መጽሐፉን ወደ ላቲን መለሰው፤ አውሮፓም ከዚያ ተማረች።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በራሳችን ፍጥነት የምንማርበት ኮርስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርአን ቤት የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ለውሁን ይዞ ይቀመጣል፣ የተጻፈለትን ይቀራል፣ ለኡስታዙ ያሰማል። ካልያዘው ለውሁ አይታጠብም፤ ከያዘው ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል። አንዱ ዐምመ ላይ እያለ ጎረቤቱ በቀራ ላይ ሊደርስ ይችላል፣ ማንም አያፍርም። በጉራጌ ምድር በአብሬትም ሆነ በሌሎች የዒልም ቦታዎች ደረሶች ኪታብ የሚቀሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ስክሪኑ አዲስ ለውህ ነው። ልዩነቱ ከፊቱ ኡስታዝ አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ ሳይዙ ማሳጠብ ይቻላል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መልስ ገልብጦ ያለፈ ተማሪ ስክሪኑን አታልሏል፣ ነገ ግን የሚጠብቀው ስክሪን አይደለም። ነርስ ሆኖ የመድኃኒት መጠን ያሰላል። መሐንዲስ ሆኖ የድልድይ ሸክም ይለካል። ነጋዴ ሆኖ ከሀብቱ ከአርባ አንዱን ለዘካ ያወጣል። አባት ሞቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ደግሞ የተማረው ልጅ ይጠራል፣ የእናቱንና የእህቱን ድርሻ አስላ ይባላል። ያን ቀን ያልተማረው ክፍልፋይ የየቲም ሐቅ ያጎድላል።

ስለዚህ ኮርሱን ስንጀምር ሦስት ነገር እንያዝ። በየቀኑ ትንሽ፣ ግን ሳናቋርጥ እንሥራ፤ ከሱብሒ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ብዙ ትሠራለች። ከስክሪኑ ጎን ደብተር እናስቀምጥ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ አል-ኸዋሪዝሚ በቃላት እንጻፈው፤ በቃል ማስረዳት ያልቻልነውን ገና አላወቅነውም። የቀደመን ደግሞ የዘገየውን ያስረዳ፣ ሳይመጻደቅ፣ ግን መልሱን ሳይሰጥ መንገዱን እያሳየ።

ያልታወቀው ነገር ከሁለቱም ወገን እየተጣፋ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቆማል። ትዕግሥት ያለው ያገኘዋል። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፣ ያወቅነውንም የሰው ሐቅ የምንጠብቅበት ያድርግልን። አሚን።