ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ

ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ (በፈረንሳይኛ አጠራር ዣካር፤ ከጁላይ 7 ቀን 1752 እስከ ኦገስት 7 ቀን 1834 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ሸማኔና የፈጠራ ሰው ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ በመሥራቱ ነው። ከእርሱ መሣሪያ በኋላ የጨርቅ ጥለት በሠራተኛ አእምሮና እጅ ብቻ የሚያዝ መሆኑ ቀርቶ በካርድ ላይ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ትእዛዝ ሆነ። ካርዱን በመቀየር ብቻ በዚያው መሣሪያ ሌላ ጥለት መሥራት ስለሚቻል፣ የጃካርድ ስም በኮምፒውተር ታሪክም በፋብሪካ ታሪክም ውስጥ ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የወጣትነት ሕይወት

ጃካርድ የተወለደው በሐር ጨርቅ ሥራ በታወቀችው በፈረንሳይ ከተማ በሊዮን ነው። አባቱ የራሱ የሽመና ዕቃና ሠራተኞች ያሉት ሸማኔ ነበር። የቤተሰቡ መጠሪያ ሻርል ሲሆን፣ ጃካርድ የሚለው ስም የቤተሰቡን አንድ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ለመለየት የወጣ ቅጽል ነበር። በልጅነቱ ትምህርት ቤት አልገባም። ማንበብ የጀመረው 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሲሆን፣ ያስተማረውም በመጻሕፍት ኅትመትና ሽያጭ ይተዳደር የነበረው የእህቱ ባል ነው።

በ1772 አባቱ ሲሞት ቤትና የሽመና ዕቃዎች ወረሰ። በ1778 ክሎዲን ቧሾን የምትባል ሴት አገባ፤ በተከታዩም ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። ነገር ግን ሥራው ስላልተሳካለት ዕዳ ውስጥ ገብቶ ከወረሰው ንብረት አብዛኛውን አጣ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1793፣ ሊዮን በአብዮታዊው መንግሥት ጦር ስትከበብ ከልጁ ጋር ሆኖ ከተማዋን ከሚከላከሉት ወገን ተሰለፈ። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ አባትና ልጅ ሸሽተው ራሳቸው በአብዮቱ ጦር ውስጥ ገቡ። ልጁ በጦር ሜዳ ሲሞት ጃካርድ ብቻውን ወደ ሊዮን ተመለሰ።

የሐር ሽመና ከጃካርድ በፊት

ማንኛውም ሽመና በቁመት የተወጠረውን ድር እየከፈቱ ማጉን በመካከሉ ማሳለፍ ነው። ለነጠላ ጨርቅ ድሩን እያፈራረቁ ማንሣት ይበቃል። አበባ ወይም ሥዕል ላለበት የሐር ጨርቅ ግን በእያንዳንዱ የማግ መስመር የሚነሡት የድር ክሮች ይለያያሉ። በሊዮን ይህን የሚያደርገው ከሸማኔው ጎን የሚቆም ረዳት ነበር። ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜም ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከባድ ገመዶችን በቅደም ተከተል እየሳበ ክሮቹን ያነሣል። ሥራው አድካሚና ዝግተኛ ሲሆን፣ አንድ ገመድ በስሕተት ከተሳበ ጥለቱ ይበላሻል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከጃካርድ በፊት ሌሎችም ሞክረዋል። ባዚል ቡሾን በ1725 የተበሳ የወረቀት ጥቅል ተጠቀመ። ዣን ባቲስት ፋልኮን ብዙም ሳይቆይ ጥቅሉን እርስ በርስ በተያያዙ ካርዶች ተካው። ዣክ ደ ቮካንሶን ደግሞ በ1740ዎቹ ያለ ረዳት የሚሠራ የሽመና መሣሪያ ሠራ፤ ሆኖም በሸማኔዎች ዘንድ አልተለመደም።

የመሣሪያው መሠራት

ጃካርድ በ1801 በፓሪስ በተደረገ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ባቀረበው የሽመና መሣሪያ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ቀጥሎም የዓሣ ማጥመጃ መረብ የሚሠራ መሣሪያ በማቅረቡ ፓሪስ ወደሚገኘው የሥነ ጥበባትና የእደ ጥበባት ተቋም ተጠራ። እዚያም የቮካንሶንን መሣሪያ ለማየት ዕድል አገኘ። ወደ ሊዮን በ1804 ተመልሶ የፋልኮንን ካርዶችና የቮካንሶንን አሠራር በማጣመር የራሱን መሣሪያ ሠራ።

በኤፕሪል 1805 ቀዳማዊ ናፖሊዮን ሊዮንን ሲጎበኝ መሣሪያውን ተመለከተ። የፈጠራው ባለመብትነት ለሊዮን ከተማ ተሰጠ። ለጃካርድም በዓመት 3,000 ፍራንክ የዕድሜ ልክ ጡረታና በሚሸጠው በእያንዳንዱ መሣሪያ ለተወሰኑ ዓመታት 50 ፍራንክ እንዲከፈለው ተወሰነ። ካርዶቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል በ1815 በዣን አንትዋን ብረቶን ከተሻሻለ በኋላ መሣሪያው ይበልጥ አስተማማኝ ሆነ።

አሠራሩ

በጃካርድ መሣሪያ አንድ ካርድ ለአንድ የማግ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል። ካርዶቹ በገመድ ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ሲሆን፣ ሸማኔው ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር አንድ ካርድ ወደ መርፌዎቹ ይጠጋል። መርፌው ቀዳዳ ካገኘ በውስጡ ያልፋል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሜንጦም ክሩን ያነሣል። ቀዳዳ ከሌለ ካርዱ መርፌውን ይገፋዋል፤ ክሩም ባለበት ይቀራል። ቀዳዳ መኖርና አለመኖር፣ ዛሬ በኮምፒውተር 1 እና 0 ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ሁለት ምርጫ ያለው ምልክት ነው።

ካርዱ ከመበሳቱ በፊት ጥለቱ በአራት ማዕዘን ሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ይሣላል። ከዚያም ካርድ በሺው ሥዕሉን መስመር በመስመር እያነበበ ይበሳል። ስለዚህ የገመድ ሳቢው ሥራ ሲቀር፣ ጥለት የማዘጋጀትና ካርድ የመብሳት ሥራ ተፈላጊ ሆነ። በ1839 በሊዮን የተሠራ የጃካርድ ምስል ያለበት የሐር ጨርቅ 24,000 ያህል ካርዶች አስፈልገውታል።

የሸማኔዎች ተቃውሞ

መሣሪያው መጀመሪያ የገጠመው ጥላቻ ነበር። ሸማኔዎችና ረዳቶቻቸው እንጀራችንን ያሳጣናል ብለው ፈሩ። መሣሪያዎች ተሰባብረዋል፤ ጃካርድም ራሱ ጥቃት እንደደረሰበት ይተረካል። ይሁን እንጂ ፈጠራው መስፋፋቱን አላቆመም፤ በ1812 በፈረንሳይ 11,000 ያህል መሣሪያዎች በሥራ ላይ እንደነበሩ ይነገራል። መሣሪያው ረጅም ስለሆነ በሊዮን ክሯ ሩስ በተባለው ሰፈር ጣሪያቸው 4 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሸማኔ ቤቶች ተሠሩ።

የምርቱ መጨመር የሸማኔውን ኑሮ በዚያው ልክ አላሻሻለም። ሐሩን የሚያቀርቡትና ለተሠራው ጨርቅ የሚከፍሉት ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ የእጅ ዋጋው መጠን ዋናው የጠብ ምክንያት ሆነ። የሊዮን የሐር ሸማኔዎች በ1831ና በ1834 ባነሡት ዐመፅ የጠየቁት መሣሪያው እንዲጠፋ ሳይሆን ተገቢ የሥራ ዋጋ እንዲከፈላቸው ነበር።

የመጨረሻ ዘመንና ሞት

ጃካርድ በ1819 የፈረንሳይን የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ተሸለመ። የመጨረሻ ዘመኑን በሊዮን አቅራቢያ በምትገኘው በኡላን አሳልፎ በ82 ዓመቱ በዚያው ሞተ። በ1840 በሊዮን ሐውልት ቆሞለታል።

ከሽመና ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ

እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1830ዎቹ ላቀደው የስሌት ማሽን ትእዛዝና ቁጥር ማስገቢያ እንዲሆኑ የጃካርድን ካርዶች መረጠ። ማሽኑ ተሠርቶ ባያልቅም፣ ኤዳ ላቭሌስ በ1843 ባሳተመችው ማብራሪያ የማሽኑን አሠራር ከጃካርድ ሽመና ጋር አነጻጽራለች። በአሜሪካ ኸርማን ሆለሪዝ የ1890ውን የሕዝብ ቆጠራ በተበሱ ካርዶች አጠናቀረ። የእርሱ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኋላ አይቢኤም የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

ሐሳቡ ወደ ፋብሪካም ተመልሷል። በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ዛሬ ሲኤንሲ የሚባሉት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖች የዚህ ተከታዮች ናቸው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ጃካርድ የሚለው ስም እንዳለ ሆኖ ካርዱ በኮምፒውተር ፋይል ተተክቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሽመና ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፣ መወርወሪያውን በእጁ እያመላለሰ ይሠራል። የጥበብ ቀሚስ ጥለት የሚወጣው ክር እየቆጠሩ በማንሣት ሲሆን፣ ቆጠራው በሸማኔው አእምሮ የተያዘ ነው። የፋብሪካ ሽመና እየተስፋፋ ሲመጣ ከተቋቋሙት ድርጅቶች አንዱ በ1961 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ይሰጣል። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚገኘው ተግባረ ዕድ ደግሞ የማሽን ሙያ በማስተማር ከቆዩት የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው።

የሊዮን ሸማኔዎች ያነሡት ጥያቄ በአዲስ አበባም ይሰማል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በእጁ የሚያወጣውን ጥለት የሚመስሉ፣ በውጭ አገር በማሽን የተሠሩና የታተሙ ጨርቆች በርካሽ ዋጋ ለገበያ ይቀርባሉ። አንድ ጥለት ወደ ካርድ ወይም ወደ ፋይል ከተገለበጠ በኋላ ማንኛውም ማሽን ያለው ሰው ሊያባዛው ይችላል። በዚህ ምክንያት የጥለቱ ባለቤት ማን ነው፣ ከተባዛውስ ሸማኔው ምን ያገኛል የሚለው፣ ከጃካርድ ዘመን ወዲህ ማሽኑ ብቻውን ያልመለሰው ጉዳይ ነው።